ምዕራፍ ስድስት፦ በአንገት የሚታሰር ስጋት

በካይሮው የግብፅ ሙዚየም ምድር ቤት አንድ የሬሳ ሣጥን ለመቶ ዓመት ያህል ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። ሣጥኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 በደቡብ ግብፅ፣ ኤድፉ አካባቢ ከሚገኝ የመቃብር ቦታ ነው። ውስጡ ያለው አስከሬን የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ የኖረው ከታላቁ እስክንድር መምጣት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ332 እስከ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የራዲዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆኑት ሰሐር ሰሊም እና ባልደረቦቻቸው ልጁ የተገነዘበትን ጨርቅ ሳይፈቱ በሲቲ ስካን መረመሩትና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አሳተሙ።

በጨርቁ እጥፋትና በአስከሬኑ ውስጥ 49 ክታቦች ታዩ። በቅርጻቸው 21 ዓይነት ሲሆኑ በሦስት ረድፍ ተደርድረው ነበር። አፉ ውስጥ የወርቅ ምላስ፣ ደረቱ ውስጥ የወርቅ ጥንዚዛ፣ ከወገቡ በታች ደግሞ የተጋደሙ ሁለት ጣቶች የሚመስል ክታብ አለ።

ወርቁን አይቶ የሀብታም ልጅ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሀብት ለማሳየት ቢሆን ኖሮ አንድ ከባድ የወርቅ ሐብል ይበቃ ነበር። ይህን ያህል የተለያየ ቅርጽ ያስፈለገው እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ስለነበረው ነው። ምላሱ ልጁ በወዲያኛው ዓለም አፉ እንዳይያዝ፣ ጥንዚዛው በፍርድ ቀን ልቡ እንዳይመሰክርበት፣ ሁለቱ ጣቶች ደግሞ ሬሳ አድራቂዎቹ የከፈቱት የሆድ ቁስል ክፉ ነገር እንዳያስገባ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም ይኸው ነው። የግብፃውያን ክታብ ለአንድ ለተለየ ስጋት የተሰጠ መልስ ነው። ክታቦቹን አንድ በአንድ ካነበብናቸው፣ ነገሥታቱ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያላስጻፉትን እናውቃለን፤ ተራው ሰው ቀን ሲሠራ፣ ማታ ሲተኛ፣ ሚስቱ ስታምጥ፣ ልጁ ሲታመም ምን ያስፈራው እንደነበር።

ቅርጽ፣ ቀለም፣ ቃል፣ ቦታ

ክታብ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታወሰው በብራና ተጽፎ በቆዳ የሚሰፋው ነው። ግብፃውያንም የተጻፈ ክታብ ነበራቸው፤ ጥቂት ቆይተን እንደርስበታለን። አብዛኛው ክታባቸው ግን ከድንጋይ፣ ከወርቅ፣ ከአጥንት ወይም ፋያንስ ከሚባለው አንጸባራቂ ነገር የተሠራ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ትንሽ ቅርጽ ነበር። ሕያው ሰው በክር አስሮ በአንገቱ፣ በእጁ አንጓ ወይም በወገቡ ያደርገዋል፤ ለሟች ደግሞ በመግነዙ እጥፋት መሀል ይቀመጥለታል።

ልማዱ ከፈርዖኖችም ይቀድማል። በላይኛው ግብፅ ባዳሪ በተባለው ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ቀድመው በተቆፈሩ መቃብሮች ውስጥ የጉማሬና የሚዳቋ ራስ ቅርጽ ያላቸው ክታቦች ተገኝተዋል። ከዚያ እስከ ሮማውያን ዘመን ድረስ፣ ማለትም ከ4000 ዓመት በላይ፣ ክታብ ከግብፃዊ አንገት ወርዶ አያውቅም። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ ዓይነቶቹን ቆጥሮ በአምስት ምድብ ከፍሏቸዋል፤ የሰውነት ክፍል የሚመስሉ፣ ኃይል የሚሰጡ፣ የሟችን ንብረት የሚወክሉ፣ ከአደጋ የሚጠብቁ እና የአማልክት ምስል የሆኑ።

ክታቡ እንዲሠራ አራት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። ሁለተኛው የተሠራበት ነገርና ቀለሙ ነው፤ አረንጓዴ የለምለም ደንገል ቀለም ስለሆነ ዳግም መብቀልን፣ ቀይ ደምንና ጉልበትን፣ ሰማያዊ የሌሊቱን ሰማይ ያመለክታል። ወርቅ ደግሞ የአማልክት ሥጋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ አይዝግም፣ አይበሰብስም። ሦስተኛው የሚደገምበት ቃል ነው። አራተኛው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የሙታን መጽሐፍ ተብሎ የሚታወቀው የድግምት ስብስብ አንዳንዱን ክታብ በስሙ እየጠራ ከምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚደገምበትና የት እንደሚታሰር ያዛል። የሟች ዘመዶች የታዘዘው ድንጋይ ካጡ ቀለሙን ይፈልጉ ነበር፤ ቀይ ኢያስጲድ ባይገኝ ቀይ ሰርድዮን፣ እሱም ባይገኝ ቀይ ብርጭቆ ይተካል።

ድንጋዮቹ ከቅርብም ከሩቅም ይመጣሉ። ቱርኩዝ ከሲና ተራሮች ይቆፈራል፤ ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ከባዳኽሻን በነጋዴዎች ቅብብሎሽ ይደርሳል። ይህን መግዛት የሚችለው ጥቂቱ ነው። የብዙኃኑ ክታብ ፋያንስ ነበር፤ ስለዚህ አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው።

ሠራተኛው ነጭ አሸዋ ወይም የተፈጨ ባልጩት ያዘጋጃል፤ ጥቂት ኖራ፣ ከዕፅዋት አመድ ወይም ከበረሃ የሚገኝ ጨው መሰል ናትሮን እና የመዳብ ዱቄት ይጨምርበታል። በውኃ ሲያቦካው ጥፍጥፉ እንደ ጭቃ አይለጠጥም፤ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ በእጅ ከመቅረጽ ይልቅ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጫነዋል። ሲወጣ ይደርቃል፤ እርጥበት የገባበት የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ነጭ ጨው ወደ ውጭ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በውስጡ ያለው ጨውም ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን ይሸፍነዋል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ የጨው ሽፋን ቀልጦ ብርጭቆ ይሆናል፤ መዳቡም ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርገዋል። ከእሳቱ በፊት አመድ የመሰለው ጥፍጥፍ የሚያበራ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ፔትሪ በአማርና ከተማ ፍርስራሽ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቅርጽ ማውጫዎችን አግኝቷል። ድሃው የሚገዛው ክታብ በገፍ የሚመረት ሸቀጥ ነበር።

የምጥና የሕፃንነት ዘቦች

በጥንት ግብፅ ለሴት ከምጥ የከፋ፣ ለልጅም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከፋ ጊዜ አልነበረም። በየቤቱ በብዛት የተገኙት የሁለት አማልክት ክታቦች ለዚህ ምስክር ናቸው።

አንዷ ታወሬት ናት። ሆዷ የተገፋ፣ ጡቷ የወደቀ፣ በሁለት እግሯ የቆመች ጉማሬ ናት፤ መዳፏ የአንበሳ፣ ጀርባዋ የአዞ ነው። የዓባይ ዳር ሰው ጉማሬ ለግልገሏ ስትል ጀልባ እንደምትገለብጥ ያውቃል። ያን ቁጣ እርጉዟ ሴት በአንገቷ አሠረችው ማለት ነው። ሁለተኛው ቤስ ነው፤ እግሩ የተንሻፈፈ፣ ጎፈሩ የአንበሳ፣ ምላሱን አውጥቶ የሚያፈጥ ድንክ። ቤስ ትልቅ ቤተ መቅደስና ባለጠጋ ካህናት ይዞ የሚታይ አምላክ አይደለም። ቦታው አልጋ እግር ላይ፣ የእንጨት ትራስ ላይ፣ የመስታወት እጀታ ላይ ነው። ሥራው አስቀያሚ ሆኖ ማስፈራራት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 ዓመት በኋላ በነበሩት ጥቂት መቶ ዓመታት ደግሞ ከጉማሬ ጥርስ የተሰነጠቀ፣ እንደ ጥርሱ የጎበጠ ዘንግ ይሠራ ነበር። በላዩ ላይ ታወሬት፣ አንበሳ፣ እባብ፣ እንቁራሪትና ሌሎችም ቢላ ይዘው ተሰልፈው ተቀርጸዋል። በሙዚየም ከሚገኙት አንዳንዶቹ ጫፋቸው ተፍቆ ያለቀ ነው፤ ተመራማሪዎች በእናትና በሕፃን መኝታ ዙሪያ መሬት ላይ የመከላከያ ክብ ሲሠመርበት ያለቀ ነው ይላሉ።

በርሊን የሚገኝ አንድ ፓፒረስ ለእናትና ለልጅ የሚደገሙ ቃሎችን ሰብስቧል። እዚያ ላይ ክሩ እንዴት እንደሚቋጠር፣ ዶቃው ከምን እንደሚሆን፣ በሕፃኑ ጉሮሮ ላይ እንደሚታሰርም ሰፍሯል። ቋጠሮው ራሱ ክታብ ነው፤ ክፉውን አስሮ ይይዛል። ወርቅም ድንጋይም የሌላት እናት በክርና በቃል ልጇን ትጠብቅ ነበር።

የተጻፈው ክታብ በብዛት የሚታየው ቆይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1000 እስከ 700 ገደማ ነው። በቀጭን የፓፒረስ ስንጣቂ ላይ ይጻፋል፤ ተጠቅልሎ በትንሽ ቀፎ ውስጥ ገብቶ በልጅ አንገት ይንጠለጠላል። የአጻጻፉ መልክ የአማልክት ቃል ኪዳን ነው። አምላኩ ይህችን ልጅ ከእባብና ከጊንጥ፣ ከሚናድ ግድግዳ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከቦይ መንፈስ፣ ከሶርያዊ፣ ከሊቢያዊና ከኑቢያዊ መተት እጠብቃለሁ ይላል፤ ከዚያ ከራስ ፀጉሯ ጀምሮ አካሏን አንድ በአንድ እየጠራ ጤና ይገባላታል። ምንም እንዳይረሳ የተጨነቀ ወላጅ ያስጻፈው ውል ይመስላል። ከዚህ ጋር የሚተካከል የፍርሃት ዝርዝር በጥንቱ ዓለም እምብዛም አይገኝም።

ውኃም ልጅ ይወስዳል። በዓባይ ዳር የሚያድጉ ልጆች በጎን በተጎነጎነ ሹሩባቸው ጫፍ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ክታብ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ከመስጠም እንዲያድናቸው። ይህ ክታብ በአንድ የታወቀ ተረት ውስጥ ይገኛል። የታላቁ ፒራሚድ ባለቤት የኩፉ አባት ንጉሥ ስነፍሩ ድብርት ይይዘውና በቤተ መንግሥቱ ሐይቅ ላይ ሃያ ቆነጃጅት ጀልባ እንዲቀዝፉለት ያዛል። ቀዛፊዎቹን ከምትመራው አንዷ ከፀጉሯ የቱርኩዝ ዓሣዋ ውኃ ውስጥ ይወድቅባታል። መቅዘፏን ታቆማለች፤ በእሷ ወገን ያሉትም ሁሉ አብረው ያቆማሉ። ንጉሡ ሌላ እተካልሻለሁ ቢላት፣ የራሴን ነው የምፈልገው ትላለች። ጃጃኤምዓንኽ የተባለው ጠቢብ ተጠርቶ በቃሉ የሐይቁን ግማሽ ውኃ በሌላው ግማሽ ላይ ይደርበዋል፤ 12 ክንድ የነበረው ጥልቀት 24 ክንድ ይሆናል። ከደረቀው ወለል ዓሣዋን አንሥቶ ይሰጣታል፤ ውኃውንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ዌስትካር ፓፒረስ በሚባለው ጽሑፍ ላይ ያለው ይህ ተረት ለሳቅ የተነገረ ይሆናል። ያም ሆኖ ክታብ በሌላ እንደማይተካ፣ ንጉሥም ቢሆን ግዴለሽም ሊል እንደማይችል ሰሚው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጊንጥ የነደፈው አምላክ

እባብና ጊንጥ የግብፅ ገበሬ የየዕለት ጠላቶች ነበሩ። መድኃኒቱም ከአንድ ታሪክ ይጀምራል። ኢሲስ ሕፃኑን ሆረስን ከአጎቱ ከሴጥ ደብቃ በዓባይ አፍ ረግረግ ታሳድገዋለች። አንድ ቀን ምግብ ለምና ስትመለስ ልጁ ጊንጥ ነድፎት ዝሎ ታገኘዋለች። ወደ ሰማይ ትጮኻለች፤ የፀሐይ ጀልባ ጉዞዋን ታቆማለች፤ የጥበብ አምላክ ቶት ወርዶ ልጁ ካልዳነ ብርሃን አይመለስም ብሎ በቃሉ ይፈውሰዋል።

ከዚህ የተወለደው ክታብ ትንሽ የድንጋይ ጽላት ነው። መሀሉ ላይ ሕፃኑ ሆረስ አዞዎችን ረግጦ፣ በሁለት እጁ እባብና ጊንጥ፣ አንዳንዴም አንበሳና ሚዳቋ ጨብጦ ይቆማል፤ ከራሱ በላይ የቤስ ፊት ያፈጣል። ጀርባውና ጎኑ በድግምት ተሞልቷል። ሰው ሲነደፍ ጽሑፉ ላይ ውኃ ይፈስሳል፤ ቃሉን ነክቶ የወረደው ውኃ ተጠራቅሞ ይጠጣል። ማንበብ የማይችለው ሰው ቃሉን ጠጣው። ከዓይነቱ በጣም የታወቀው በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የሜተርኒክ ጽላት ነው፤ የተቀረጸው በመጨረሻው ግብፃዊ ፈርዖን በዳግማዊ ነክታኔቦ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ360 እስከ 343 ባለው ጊዜ ነው።

ከእነዚህ ጽላቶች አንዱ እስከ አክሱም ደርሷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ አግኝቶት፣ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አውጥቶታል። ይህ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአክሱም ብዙ በማይርቀው ሐውልቲ በተደረገው ቁፋሮ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረው ዘመን የግብፅ አማልክት የሐቶርና የፕታሕ ምስል ያላቸው ትንንሽ የፋያንስ ክታቦች ወጥተዋል። እነዚህ ዕቃዎች ትግራይ ላይ የግብፅ ሃይማኖት ነበር አያሰኙም። የቀይ ባሕርና የዓባይ ሸለቆ ንግድ ግን የግብፅን ክታብ እዚህ ድረስ ያመጣ እንደነበር ያረጋግጣሉ። በሜዲትራንያን በኩልም የፊንቄ ነጋዴዎች እስከ ካርቴጅና ስፔን አድርሰውታል።

ጥንዚዛው

ከግብፅ ክታቦች ሁሉ በቁጥር የሚበዛው ከእበት የሚኖረው ጥንዚዛ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ምክንያቱ ግን ከዓይን የራቀ አልነበረም። ጥንዚዛው እበቱን አድበልብሎ በኋላ እግሩ እየገፋ ይሄዳል፤ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከቀናት በኋላ ከዚያ ጉድጓድ አዲስ ጥንዚዛ ይወጣል። ግብፃውያን የሚንከባለለው ኳስ ውስጥ ፀሐይን፣ ከመሬት በሚወጣው ጥንዚዛ ውስጥ ደግሞ ራሱን በራሱ የሚፈጥረውን የንጋት ፀሐይ አምላክ ኸፕሪን አዩ። ይጠልቃል፣ ይቀበራል፣ ተመልሶ ይወጣል። የሰው ልጅም እንዲህ እንዲሆን ተመኙ።

የጥንዚዛው ጀርባ ክብ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ መሆኑ ደግሞ ለሥራ ተመቸ። ሆዱ ላይ ስም ወይም ምልክት ተቀርጾ ማኅተም ይሆናል፤ ሹሙ በጣቱ አድርጎ ዕቃ ያሽግበታል። ሳልሳዊ አመንሖቴፕ (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1390 እስከ 1352 ገደማ) ወሬ ማሰራጫ አደረገው። ከጋብቻውና ከአደኑ ዜና አንዱን ወይም ሌላውን ሆዳቸው ላይ የያዙ ትልልቅ ጥንዚዛዎችን አስቀርጾ በየአገሩ በተነ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። በአንዱ ዓይነት ላይ ንጉሡ በመጀመሪያዎቹ አሥር የንግሥና ዓመታቱ 102 አንበሳ በገዛ ቀስቱ እንደገደለ ይነበባል።

ልብ እንዳይመሰክር

ለሟች የሚደረገው ትልቁ ጥንዚዛ የተለየ ነው። አንጎል በአፍንጫ እየተጎተተ ሲወጣና ሲጣል፣ ልብ ግን በቦታው ይቀመጥ ነበር፤ ለግብፃውያን አሳብም ትዝታም ሕሊናም ያለው እዚያ ነበርና። በሙታን አምላክ በኦሲሪስ ችሎት ሟቹ በ42 አማልክት ፊት አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም፣ አልዋሸሁም እያለ ይምላል። ከዚያ ልቡ በሚዛን አንድ ወገን፣ የእውነትና የሥርዓት አምላክ የማዓት ላባ በሌላው ወገን ይቀመጣል። አኑቢስ ሚዛኑን ያያል፤ ቶት ውጤቱን ይጽፋል። አሙት፣ አፏ የአዞ፣ ደረቷ የአንበሳ፣ ኋላዋ የጉማሬ የሆነችው፣ ልቡ ከከበደ ልትውጠው ትጠብቃለች። ሥዕሉን በሙሉ ውበቱ ለማየት የሚፈልግ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የተሠራውን የአኒን ፓፒረስ ይመልከት።

ችግሩ ልብ ሁሉን ያውቃል። ባለቤቱ አልሰረቅሁም ሲል ልቡ ሰርቀሃል ቢለውስ? አረንጓዴው የድንጋይ ጥንዚዛ የተፈለገው ለዚህች ቅጽበት ነው። ደረት ላይ ይቀመጣል፤ ሆዱ ላይ የሙታን መጽሐፍ 30ኛው ድግምት ይቀረጻል። በድግምቱ ሟቹ ልቡን ከእናቱ የተቀበለው መሆኑን አስታውሶ በችሎት ፊት እንዳይቃወመው፣ ምስክር ሆኖ እንዳይነሣበት ይለምነዋል።

ይህን ሳስብ ግብፃውያን ስለ ራሳቸው ምን ያህል እውነተኞች እንደነበሩ ይታየኛል። ሰው በጎ ብቻ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ልቡን የሚያባብልበት ምክንያት የለም። ሚዛኑን ያቆመው ሃይማኖት ከሚዛኑ ማምለጫውንም አብሮ አቀረበ፤ ሁለቱም በአንድ ጥቅልል ውስጥ ተጻፉ፤ በዚያም የተሸማቀቀ ሰው የለም።

ዓይን፣ ምሰሶ፣ ቋጠሮ

ሴጥ ከሆረስ ጋር በዙፋን ሲጣላ ዓይኑን አወጣው፤ ቶት አዳነውና ዓይኑ ሙሉ ሆነ። የሆረስ ዓይን የሚባለው ክታብ የሰው ዓይን ላይ የጭልፊት ጉንጭ ምልክት የተጨመረበት ነው። ትርጉሙም የተጎዳ ነገር ተመልሶ ሙሉ መሆን ነው። ስለዚህ ሕያዋን ከበሽታ እንዲጠብቃቸው ያስሩታል፤ ሬሳ አድራቂዎች ደግሞ የሟቹን ሆድ የከፈቱበትን ቁስል ይህ ዓይን በተቀረጸበት ሰሌዳ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ዓይን አንድ የተለመደ ወሬ አለ፤ ክፍሎቹ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያሉ እስከ 64ኛ ድረስ ክፍልፋይ ቁጥሮችን ያመለክታሉ ይባላል። የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የእህል መስፈሪያ ክፍልፋዮቹ ምልክቶች ከዓይኑ አልመጡም፤ ግንኙነቱን የፈጠሩት የዘመናችን ጸሐፊዎች ናቸው።

የጄድ ምሰሶ የኦሲሪስ ጀርባ አጥንት ነው። ሴጥ የገደለውና የቆራረጠው ኦሲሪስ ቀና ብሎ እንደቆመ ሁሉ ሟቹም እንዲቆም፣ በቀብር ቀን የወርቅ ጄድ አንገቱ ላይ እንዲደረግ 155ኛው ድግምት ያዛል። ቀጥሎ ያለው 156ኛው ድግምት የኢሲስ ቋጠሮ ለሚባለው ክታብ ቀይ ኢያስጲድን ይጠይቃል፤ ቀለሙ የኢሲስ ደም ነውና። 166ኛው ለትራስ ክታብ ነው። የሟች ራስ ከአንገቱ እንዳይለይ፣ የእንጨት ትራሳቸውን የምታህል ሳይሆን ጣት የምታህል ትራስ ከአንገቱ ሥር ትገባለች። በሁሉም ዘንድ የሚታወቀው ዓንኽ፣ ማለትም ላዩ ማንገቻ ያለው መስቀል፣ ሕይወት ማለት ነው። በግድግዳ ሥዕሎች ላይ አማልክት ወደ ንጉሡ አፍንጫ እያቀረቡ እስትንፋስ ሲሰጡት ይታያል። በየሱቁ እንደሚሸጠው ቅጂው ብዛት ግን በጥንት መቃብሮች ውስጥ ለብቻው የተሠራ የዓንኽ ክታብ ብዙ አልተገኘም።

ንጉሡ፣ ሌባውና ሠራተኛው

ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንካሙንን መቃብር አገኘ፤ በኅዳር 1925 የአስከሬኑን ጨርቅ ሲፈቱ 143 ዕቃዎች በእጥፋቱ ውስጥ ወጡ። የአንገቱ ዙሪያ በወርቅ ኮብራና ጥንብ አንሣ፣ በጄድና በቋጠሮ ተሞልቶ ነበር፤ ከራሱ ሥር ትንሽ የብረት ትራስ ነበረች። ከመቃብሩ ከወጡት የደረት ጌጦች በአንዱ መሀል ያለው ቢጫ ጥንዚዛ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተራ ድንጋይ ሲመስል ቆይቶ፣ ከሊቢያ በረሃ የመጣ የተፈጥሮ ብርጭቆ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ታወቀ፤ ከ28 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የበረሃ አሸዋ ቀልጦ የተፈጠረ ነው።

ይህ ሁሉ ዘብ ሌባን አላቆመም። በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1110 ገደማ፣ አመንፓኑፈር የተባለ ድንጋይ ጠራቢ ተይዞ ቃሉን ሰጠ፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ዛሬም አለ። ከጓደኞቹ ጋር የንጉሥ ሶበከምሳፍን መቃብር ሰብረው ገቡ፤ በንጉሡ አንገት ላይ ብዙ የወርቅ ክታብና ጌጥ አገኙ፤ ሰብስበው ወሰዱ፤ ሣጥኑን አቃጠሉ። አመንፓኑፈር የክታብን ኃይል የማያምን ከሃዲ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ምናልባት የሌላ ሰው ክታብ በእሱ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ይሆናል፤ ምናልባትም ረሃብ ከፍርሃት በልጦበት ይሆናል።

በተቃራኒው፣ ክታብ የመንግሥትን ትእዛዝ አሸንፎ የኖረበት ቦታ አማርና ነው። ንጉሥ አኸናተን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን አማልክቱን ገሸሽ አድርጎ የፀሐይ ክበብ የሆነውን አተንን ብቻ አስመለከ፤ አዲስ ከተማም ቆረቆረ። በዚያችው ከተማ፣ በሠራተኞቹ ቤቶች ውስጥ፣ ቤስና ታወሬት በብዛት ተገኝተዋል። ንጉሡ የቤተ መቅደሱን አምልኮ ሊለውጥ ቻለ፤ ለምታምጥ ሴት ከቤስ የተሻለ ግን አላቀረበላትም።

ከሁሉ በኋላ

የመጨረሻው የሄሮግሊፍ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ394 በፊላይ ደሴት ተቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ የድሮው ፊደል አንባቢ አጣ። ክታቡ ግን በአንድ ጊዜ አልጠፋም። የግብፅ ክርስቲያኖች ዓንኽን በመስቀል ምልክትነት ወስደው በመቃብር ድንጋያቸውና በጨርቃቸው ላይ አደረጉት።

ስለ ጥንት ግብፅ ስንጽፍ ስለ ፒራሚድ ማውራት ይቀናናል። ፒራሚድ የጥቂት ነገሥታትን ምኞት ይነግረናል፤ ስለ ገበሬው፣ ስለ ሸማኔዋ፣ ስለ ቀዛፊዋ የሚነግረን ክታብ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ካይሮም ሆነ ለንደን በሙዚየም መስታወት ፊት ብትቆም፣ ከመግለጫ ወረቀቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፦ ከምን ተሠራ? በሰውነት ላይ የት ነበር? ባለቤቱን ከምን ሊያድነው ነበር? ሦስተኛውን የመለስክ ቀን የሰውየውን ስም ባታውቅም ስጋቱን አውቀሃል፤ ከ3000 ዓመት በፊት ስለሞተ ተራ ሰው ከዚህ የቀረበ እውቀት አይገኝም።